ጀሪካኑን ተከትዬ ከአምስተልቨን እስከ ዘሄግ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠይቀኝ ስለ አበባው፣ ስለ ብስክሌቱና ስለ ብርዱ ነው። አበባውን አይቻለሁ፤ አበባ ነው። ብስክሌት ሊገጨኝ ነበር፤ ሳተኝ። እኔ የምጽፈው ስለ ውሃ ነው፤ እሱም የእኛው ውሃ ነው። ንዴቴን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ አልማዝ፣ ከአምስተርዳም በስተደቡብ አምስተልቨን በምትባል ከተማ ትኖራለች። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። «ነይና እዪኝ» ብላ ጠራችኝ፤ ቪዛው ሲወጣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ ከከተማችን ከአቦ ምንጭ ጠበል። ለራሷ አይደለም። ሮተርዳም የሚኖሩ ጋሽ መኮንን የሚባሉ የአገራችን ሰው አሉ፤ ኩላሊት ተቀይሮላቸው ገና እያገገሙ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «ከአቦ ሌላ ጠበል አልፈልግም» ብለው ነው የላኩት። ሁለቱም ያደጉት ከዚያው ምንጭ አጠገብ ነው። እናቴ ገና ሳይነጋ ወርዳ አንድ ጀሪካን ቀዳች፣ ክዳኑን በፌስታል አሰረች፣ በፎጣ ጠቀለለች፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከሽሮው ጎን አስተኛችው።

እሑድ

ጠዋት አምስተርዳም አረፍን። ሻንጣዬ ሲመጣ ከሥሩ ይንጠባጠባል። የእናቴ ፌስታል አልቻለም፤ ግማሹ ሽሮ ገንፎ ሆኗል፣ አንዲቷ ደህና ቀሚሴም ከሽሮው ጋር ተቦክታለች። ጉምሩክ ላይ ረጅም ሰውዬ አስከፈተኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ውሃ።»

«ውሃ? ወደ ሆላንድ?» ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም መጥቶ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። አገራቸው ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ውሃ ተሸክሞላቸው የመጣ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ። ስቀው ስቀው ለቀቁኝ። ያን ቀን እኔም ተናድጄ ነበር፤ ምን ያስቃል ብዬ።

አክስቴ ቤት ስንደርስ እትዬ አስካለ ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ከማለዳው ጀምሮ ነው አሉ። ቀጭን፣ ፈጣን እናት ናቸው። እኔን ሳይስሙ ጀሪካኑን ሳሙ። ከዚያ አክስቴ ለበረከት ብላ አንድ ጠርሙስ ቀንሳ አስቀረች፤ የተረፈውን እትዬ አስካለ በጋቢ ጠቅልለው ልክ እንደ ሕፃን አዘሉት። «በባቡር እንዲህ ሆነው ሊሄዱ ነው?» ብላቸው «ልጄ፣ እዚህ አገር ውሻ በጋሪ እየተገፋ ይሄዳል፤ እኔን ማን ያየኛል?» አሉኝና ወጡ።

ምሳ ቀረበ። ውሃ ስጠይቅ አክስቴ ከጓዳ የታሸገ አወጣች። በካርቶን ደርድራዋለች።

«የቧንቧው መጥፎ ነው?» አልኳት።

«ኧረ! እንግዳ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

ልጇ ሊያ ሳቀች። ሊያ እዚያው የተወለደች፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን ለትልቅም ለትንሽም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምትለው። «እማ፣ ዱ ኖርማል! የቧንቧው ይበልጣል እኮ። አንቺ ራስሽ እሱን ነው የምትጠጪው።» ዱ ኖርማል ማለት አርፈሽ ተቀመጪ እንደማለት ነው። አክስቴ ለልቅሶ ቤትና ለእንግዳ የታሸገ ትገዛለች፤ ራሷ ከቧንቧ ትጠጣለች። እኛ አገር ከቧንቧው ፊት ተሰልፈን ውሃ ሲመጣ እልል እንላለን፤ እሷ በየክፍሉ እየፈሰሰላት እንግዳ ይታዘበኛል ትላለች።

ሰኞ

ሊያ የትምህርት ቤት እረፍት ላይ ስለነበረች አምስተርዳምን ልታሳየኝ ወጣን። ቦዩ በየመንገዱ መሐል ይሄዳል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ የወደቀ ብስክሌት ይታያል። «የምንጠጣው ከዚህ ነው?» ስላት ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ! ከወንዝ ነው የሚመጣው። ወንዙ ግን ከዚህ አይሻልም፤ የስንት አገር ፋብሪካ አልፎ ነው የሚደርሰው።» ትንሽ ሆና በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄዳ አይታዋለች። አማርኛው ሲያጥራት በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። መጀመሪያ ጭቃውን የሚያጓጉል ነገር ይጨምሩበታል፤ ጭቃው እንደ እርጎ ተይዞ ወደ ታች ይቀመጣል። የተረፈውን በትልቅ ቧንቧ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ አሸዋ ኮረብታዎቹ ይልኩታል። እዚያ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። በአሸዋው መሐል ቀስ እያለ ሲያልፍ ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፤ ጀርሞቹ እዚያው ያልቃሉ። ከዚያ ቀድተው እንደገና በከሰልና በሌላ አሸዋ ያሳልፉታል። የመጨረሻው አሸዋ ላይ ስስ አተላ አለ፤ ሕይወት ያለው ነው፣ የቀረውን ጀርም ይበላል።

«ከዚያ ክሎሪን ይጨምራሉ» አልኳት፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ ብዬ።

«የለም። ክሎሪን የለውም።»

ካፌ ገብተን ምሳ በላን። ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ስለቅ ቆሜ አየሁት። ይህን ሁሉ አሸዋ ያለፈ፣ ይህን ሁሉ ወር የጠበቀ ውሃ፣ እኛ ብናገኘው ለሕፃን የምናጠጣው ውሃ፣ ጎርፎ ሄደ። በዚህ ስናደድ ነው ስልኬ የጮኸው። እናቴ ናት።

«ስንዱ፣ ያን ጠበል ጠጣሽ?»

«አልጠጣሁም። ምነው?»

ከተማው ታሟል አለችኝ። ያንተ ልጅ፣ ያንቺ ልጅ የለም፤ ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ አተት ነው። የጤና ሰዎች መጥተው ከአቦ ምንጭ ናሙና ወሰዱ፣ ሰገራ አለበት አሉ፣ በገመድ አጠሩት። ከምንጩ በላይ ያለው አዲሱ ሆቴል የሽንት ቤት ጉድጓዱን ስንጥቅ ድንጋይ ላይ ነው የቆፈረው። የሰው እድፍ ሁሉ በስንጥቁ ወርዶ ምንጩ ውስጥ ገብቷል።

እነዚህ የስንት አገር እጣቢ ተቀብለው አጥርተው ይጠጣሉ። እኛ እግዜር ከድንጋይ ውስጥ አጥርቶ የሰጠንን ወስደን ሽንት ቤት ከላዩ አስቀመጥንበት። ያን ካፌ ውስጥ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ሊያ ግን በእጄ ይዛ አወጣችኝ።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። «ዝም በይ!» አለችኝ። «ጠበል አይበከልም።»

«የእናቴን ቃል ነው የምነግርሽ። ለእትዬ አስካለ ደውዪላቸው።»

«ለታመመ ሰው እንዲህ አይባልም። ተስፋውን ልትቀሚው ነው?»

እኔው ደወልኩ። እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ምላስሽን ጌታ ይቅጣልሽ» ብለው ዘጉት። ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። ጋሽ መኮንን የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ስልኩ እትዬ አስካለ እጅ ነው።

ማክሰኞ

ከሊያ ጋር በባቡር ወደ ሮተርዳም ሄድን። ባቡሩ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ አንድ ደቂቃ ሲዘገይ ሕዝቡ ያጉረመርማል። ከጣቢያ ስወጣ ካርዴን ማሽኑ ላይ ማስነካት ረስቼ በሩ ሆዴ ላይ ተዘጋብኝ፤ ሁለቱ ክንፎች ያዙኝ፤ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ያለ ምንም ርኅራኄ ወደ ሌላው በር ዞሩ። እኛ አገር ቢሆን አሥር ሰው ይጎትተኝ፣ አምስቱም ይመክረኝ ነበር።

ጋሽ መኮንን የሚኖሩት ዴልፍስሃቨን ነው፤ አሮጌ ወደብ ያለበት፣ የብዙ አገር ሰው የተቀላቀለበት ሰፈር። ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። አንኳኳን፤ መልስ የለም። ከማዶ ያለው በር ተከፈተና ሽርጥ የታጠቀች ሴት ወጣች።

«አበሾች ናችሁ? የሉም፤ ጌታ ይባርካችሁ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው።»

ፀሐይ ትባላለች፤ ጎረቤታቸው ናት። የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ጴንጤ ናት። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ምስር ወጥ አሞቀች። እየበላን ሁሉንም ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ የምለው ቢኖር፣ ‹ይቺ ጴንጤ ስለ ጠበል ምን አገባት› ይሉኛል» አለች። «ግን ጋሽ መኮንን እንኳን የተበከለ ውሃ ያልታጠበ ሰላጣ አይበሉም። አዲሱን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይጥለው የሚውጡት መድኃኒት አለ፤ መከላከያቸውን ያወርደዋል። ሌላውን ሰው ሆድ የሚያጮኽ ነገር እሳቸውን ይወስዳቸዋል። ሐኪሙ ሲነግራቸው አስተርጓሚ ሆኜ ነበርኩ።»

«የት ሄዱ ታዲያ?»

«ዘሄግ፣ ሴት ልጃቸው ቤት። ነገ ረቡዕ አይደል? ጾም ነው። ቄሱ ጠዋት መጥተው ጸልየው ነው ጠበሉን የሚያስጀምሯቸው።»

ፀሐይ የልጅቷ ስልክ ቁጥር የላትም። ቤቱን ግን ለክርስትና ተጠርታ ታውቀዋለች። ከትራሙ መጨረሻ ወርዳችሁ፣ በአሸዋው አጥር ጥግ፣ ቀይ በር፣ አለችን። የራሷን አልጋ ለቀቀችልን። እሷ ሶፋ ላይ ተኛች፤ ብንለምናትም እምቢ።

ልንተኛ ስንል አክስቴ ደወለች። ድምፅዋ ሰልሏል። «ስንዱ... ያቺን ጠርሙስ ትናንት ጠዋት ጠጥቼ ነበር።»

«እና?»

«እናማ ምን እናማ አለው! ከሽንት ቤት ነው የምደውልልሽ። ሂጂ፣ አታርፊ፣ እንዳይጠጡ!» 

ረቡዕ

በመጀመሪያው ባቡር ዘሄግ ገባን። ትራሙን በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፈርን፤ ሊያ ስልኳን ስታይ አልፈን ሄደን ነበር። ወርደን ተመለስን። ሰደብኳት፤ እሷም በሆላንድኛ ሰደበችኝ፤ ያልገባኝ ስድብ ስለሆነ አልቆጠርኩትም። ከመጨረሻው ፌርማታ ሮጥን።

ቀዩን በር የከፈቱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ገብታለች። ሲያዩኝ ሊዘጉት ሲሉ ትከሻዬን አስገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ አባ ኪዳነ የሚባሉት ቄስ መጽሐፋቸውን እየዘጉ ነው። ጋሽ መኮንን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትልቅ ሰውነት የነበራቸው፣ አሁን ልብሳቸው የሰፋባቸው ሰው ናቸው። ብርጭቆው እጃቸው ላይ ነው።

ሊያ ቀደመችኝ። «መኮንን! አትጠጣ!» 

ጋሽ የለ፣ አንቱ የለ። ጋሽ መኮንን ብርጭቆውን እንደያዙ «ይቺ ደግሞ የማን አለቃ ናት?» አሉ።

እኔ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ እናቴን፣ ገመዱን፣ ጉድጓዱን። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «የሰው መዳን ያንገበግብሻል? ምቀኛ!»

«ያመጣሁት እኔ ነኝ እትዬ። ብመቀኝ ኖሮ እዚያው እደፋው ነበር።»

«ጠበል አይቆሽሽም!»

«ጠበሉን አይደለም የምፈራው። ከሆቴሉ ሽንት ቤት የሚወርደውን ነው።»

ጋሽ መኮንን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሱት። «ኩልል ያለ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ ሰው የሚጨርሰው! ድፍርስ ቢሆን ማን ይጠጣው ነበር?»

አባ ኪዳነ መጽሐፋቸውን አስቀምጠው «ከዚህ የጠጣ ሰው አለ?» አሉኝ። ለአክስቴ ደውዬ ድምፁን ከፈትኩት። «አባቴ» አለች፣ «እግዚአብሔር ያውቃል አላቃለልኩም። ግን ከትናንት ጀምሮ መኖሪያዬ ሽንት ቤት ሆኗል።» አባ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡና ብርጭቆውን ከጋሽ መኮንን እጅ ቀስ ብለው ወሰዱት።

«አፍልተህ ጠጣዋ!» አለች ሊያ።

«ጠበል እንደ ሻይ ይጣዳል?» እትዬ አስካለ ጮኹ።

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ግን ከሆቴል ጉድጓድ የሚወርደው ጀርም ብቻ አይደለም። የልብስ ማጠቢያው፣ የወለል ማጽጃው ኬሚካል አለ፤ እሱን እሳት አያወጣውም። አዲስ ኩላሊት ላይ ምን ዕጣ ይጣላል? ይህን ስል አባ አቋረጡኝ። «ይበቃል ልጄ። ውሃውን ጠበል የሚያደርገው ጸሎቱ ነው። ጸሎቱ እዚህ አለ፤ ንጹህ ውሃም እዚህ አለ።» ወደ ወጥ ቤት ገብተው ከቧንቧው አዲስ ብርጭቆ ሞሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጸለዩ። ጋሽ መኮንን ጠጡ።

እትዬ አስካለ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ስድቡ ሁሉ አለቀባቸው። «እኔ የቧንቧ ውሃ አጥቼ ነው?» አሉ። «ልጅ ሆኜ ስታመም እናቴ በዚያ ምንጭ ነው ያስጠመቀችኝ። ስሰደድ እንኳ መጨረሻ ያየሁት እሱን ነው። አሁን እሱንም ሰገራ ነው ትሉኛላችሁ።» አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የቀረን የጀሪካኑ ነገር ነበር። የተጸለየበት ውሃ ነው፤ እትዬ አስካለ ማጠቢያው ውስጥ አይደፋም፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ይፈለግለት አሉ። ልክ ናቸው፤ እኛም አገር እንዲያ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሽቦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰው የማይገባበት የአሸዋ ኮረብታ። «እዚያ» አሉ። አራታችን ሄድን፤ ጋሽ መኮንን ዱላ ይዘው። እትዬ አስካለ ጀሪካኑን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዘነብሉት ሊያ ዘላ አፉን በእጇ ደፈነችው።

«አብደሻል? የመጠጥ ውሃ ነው እኮ! ሰፈሩ ሁሉ ከዚህ አሸዋ ነው የሚጠጣው!» 

ሰሌዳውን አነበበችልን። መግባት ክልክል ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ ላይ እንኳ ውሻ በገመድ መታሰር አለበት፤ ከሥሩ የመጠጥ ውሃ አለና። እትዬ አስካለ ጀሪካኑን አቅፈው ወደ ኋላ ሸሹ፤ እሳት የነካቸው ይመስል ነበር።

እኔ ያኔ ነው የፈነዳሁት። «አያችሁ? ለውሻ ሽንት ይጠነቀቃሉ! የእኛ ባለሀብት አራት ፎቅ ሠርቶ የሁሉንም ሽንት ቤት በአቦ ላይ ይለቃል። ከልካይም የለው፣ ሰሌዳም የለው!»

«አራት ፎቅ?» አሉ ጋሽ መኮንን። «የትኛው ነው?»

«አዲሱ ነዋ። አረንጓዴ መስታወት ያለው። የሽመልስ ሆቴል።»

ጋሽ መኮንን ዱላቸውን ሁለት እጅ አድርገው ያዙት። እትዬ አስካለ አዩአቸው።

«ሽመልስ ታናሽ ወንድሜ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን። «ሆቴሉ የእኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ መስኮት አጥቤ የሠራሁት ነው።»

ከተማችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ሽመልስ የራሱ ነው ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ለእሳቸው አላዘንኩም፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓት አላዘንኩም። «ፕላኑን ሲያሳይዎ ጉድጓዱ የት እንደሆነ አልጠየቁም?» አልኳቸው።

«ስለ መስታወቱ ቀለም ነው የጠየቅኩት» አሉ።

ጀሪካኑን ይዘን ተመለስን። ሊያ አፍልታ ስታቀዘቅዘው እትዬ አስካለ አልከለከሏትም። በትልቅ የአበባ ማሰሮ ሥር አፈሰሱት፤ ማሰሮውን ማንም እንዳያልፍበት ጥግ አስጠጉት።

ሐሙስ

እዚያው አደርን። ቁርስ ላይ ጋሽ መኮንን ስልኩን ከባለቤታቸው ተቀበሉና ሽመልስን በምስል ደወሉለት። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ ተለጥጦ ታየ። የደስደስ ያለው፣ የሳቀ ፊት።

«ጋሼ! ተሻለህ?»

«ጉድጓዱን ምንጩ ላይ ነው የቆፈርከው?»

«ወሬ ነው ጋሼ! የምቀኛ ወሬ። ፈቃድ አለኝ። ሰው በጸሐይ ታሞ በእኔ ያሳብባል። የአቦ ውሃ ንጹህ ነው፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።»

«ምስክር ነህ?»

«እንዴታ!»

«ደግ። ስልኩን እንደያዝክ ውረድ። አንድ ብርጭቆ ቅዳና እኔ እያየሁህ ጠጣው።»

ሽመልስ ሳቀ። ወንድሙ አልሳቁም። ሳቁን ቀጠለ፤ ከዚያ አነሰ። ስልኩን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«ጋሼ... ዛሬ ጾም ነኝ።»

እትዬ አስካለ ከባላቸው ትከሻ በላይ ብቅ አሉ። «በሐሙስ? ይሁን። ጠበል ደግሞ የሚጠጣው በጾም ሆድ ነው። እኛ እዚህ በጾም ሆድ ልናጠጣው ነበር፤ ወንድምህን!»

ጋሽ መኮንን ድምፃቸውን ሳያነሱ «ሽንት ቤቶቹን ዛሬ ቆልፍ» አሉ።

«ቅዳሜ ሰርግ ይዣለሁ ጋሼ! ስንት መቶ እንግዳ ነው! ሙሽራዋ ምን ልታደርግ?»

«ሜዳ ትውጣ» አሉና ዘጉት። እትዬ አስካለ ስልኩን ወስደው ኪሳቸው ከተቱት፣ ሻይ ቀዱላቸው። ለእኔም ቀዱልኝ፤ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ስኳር ግን ሳልነግራቸው ሦስት ጨመሩልኝ።

የቀረውን ጊዜ ከአክስቴ ጋር አሳለፍኩ፤ ተሻላት፤ የታሸገውን ውሃ ለእንግዳ መግዛቷን ግን አልተወችም። እኔም ተመልሻለሁ። ሆቴሉ ተዘግቶ፣ መጣጭ መኪና ጉድጓዱን መጥጦ፣ ከምንጩ በታች በኩል ሌላ እየተቆፈረ ነው። ሽመልስ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ምንጩ ግን አልጠራም፤ ድንጋዩ ውስጥ የገባው እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል አሉ የጤና ሰዎቹ፤ ናሙና እየወሰዱ ነው። ሰዎች ደግሞ ማለዳ ገመዱን ዘልለው ይቀዳሉ፤ ኩልል ያለ ነው እኮ ይሉኛል። እኔ እየወረድኩ እጮህባቸዋለሁ፤ ጀሪካን አስደፍቻለሁ፤ ከሁለት እናቶችም ጋር ተጣልቻለሁ። ባለጌ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። ጨዋ ለመባል ስል የማስቀብረው ሰው የለኝም።